ያ ባቄላ ምን አለ?

ሰሞኑን ሰፈራችን ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፣ በወረዳው የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ ነዋሪው ሀሳብ ይስጥ ተብሎ፣ ጥሪውን በቴሌግራም ግሩፕ ነው ያየሁት። ከስር ብዙ ሰው "ሄደን ምን ልንሰማ" እያለ ነው የጻፈው፣ አልፈርድባቸውም፣ ስንት ጊዜ ተሰብስበው ምንም ሳይሆን ተመልሰዋል። እኔ ግን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

በ2007 አንድ የገጠር ወረዳ ላይ የፕላን ባለሙያ ነበርኩ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ያኔ ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ እየተዘጋጀ ነበር፣ ከ2008 እስከ 2012 የሚሄደው፣ እና ሕዝብ ይወያይበት ተብሎ እኛም ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ጀመርን። የኔ ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር።

የማልረሳው አንዱን ቀን ነው። ስብሰባው የገበሬ ማሰልጠኛው አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ ወንዶቹ ፊት አግዳሚው ላይ፣ ሴቶቹ ከኋላ በሩ ጋ መሬት ላይ፣ ግማሾቹ ልጅ ታቅፈው። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ፣ ኢኮኖሚው በየዓመቱ በአማካይ 11 በመቶ ያድጋል፣ ኢንዱስትሪው እንዲህ ይሆናል፣ ኤክስፖርቱ እንዲህ ይሆናል እያለ ከአንድ ሰዓት በላይ አነበበ። ከዛ መድረኩ ለአስተያየት ክፍት ተደረገ። የተነሱት በሙሉ ወንዶች ናቸው። መንገድ ይሰራልን አሉ፣ ማዳበሪያ ዘርተን ከጨረስን በኋላ እየመጣ ነው አሉ፣ ድልድይ አሉ፣ ሁሉም እውነት ነው። መጨረሻ ላይ ኃላፊው በዕቅዱ ላይ የጋራ መግባባት ላይ ደርሰናል አለና የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አለ፣ እጅ ወጣ፣ እኔም "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብዬ ጻፍኩ።

አብሮን አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ የግብርና ባለሙያ ነበር፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ሰው ሲበተን "ሴቶቹን ሳናናግር ልንሄድ ነው እንዴ?" አለኝ። መኪናው እየጠበቀን ነው፣ ጋሼ ግን እናቶቹን ይዞ ግራሩ ስር ሄደ። ከቅርብ ቤት አንድ ጣሳ ባቄላ አስመጣ፣ በእንጨት መሬቱ ላይ አራት ክብ አሰመረ፣ ይሄ ውሃ ነው፣ ይሄ ጤና ኬላ፣ ይሄ መንገድ፣ ይሄ ትምህርት ቤት አላቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ፍሬ ሰጣቸውና በጣም የቸገራችሁ ላይ አብዝታችሁ አስቀምጡ አለ።

ማንም አላስቀመጠም። ባቄላውን በእጃቸው ይዘው ዝም አሉ። ከዛ አንዲት እናት "ወፍጮውሳ?" አለች።

ጋሼ ምንም ሳይል አምስተኛ ክብ አሰመረ። ባቄላው ወደዛ መጉረፍ ጀመረ፣ አንዳንዷ አምስቱንም እዛው ዱብ አደረገችው። ውሃው ላይ ጥቂት አለ፣ መንገዱ ላይ ሁለት ሦስት፣ ወፍጮው ላይ ክምር። እኔ አልገባኝም ነበር፣ ምክንያቱም የዛ ቀበሌ ትልቁ ችግር ውሃ ነው ተብሎ ነው ቢሮ ውስጥ የተጻፈው፣ እና እናትየዋን ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

"ልጄ፣ ውሃውስ ሩቅም ቢሆን አለ" አለችኝ። "ወፍጮው ወንዝ ማዶ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሌሊቱን በድንጋይ ነው የምንፈጨው። በጋ ደግሞ እህሉን ተሸክሜ ሄጄ ወረፋ ጠብቄ ስመለስ ቀኑ አለቀ፣ የሴት ልጄን ታናናሾች የሚጠብቅልኝ የለም። ልጅቷን ከትምህርት የማስቀራት በወፍጮ ቀን ነው።"

ይሄን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ከዛ ሁለት ሳምንት በፊት እኔው ራሴ የጻፍኩት ሪፖርት ላይ፣ ሴት ልጆች ከትምህርት የሚቀሩበት ምክንያት የሚል ቦታ ነበረ፣ እና "የወላጆች የግንዛቤ ማነስ" ብዬ ነበር የሞላሁት። ማንንም ሳልጠይቅ። ሁሉም እንደዛ ስለሚጽፍ። ያቺ እናት ግን ምንም የግንዛቤ ማነስ የለባትም፣ ከኔ በላይ ታውቃለች፣ የልጇ ትምህርት፣ ወፍጮውና ወንዙ አንድ ነገር መሆናቸውን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው ያስረዳችኝ። ለኔ የትምህርት ጉዳይ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራ ነበር፣ ወፍጮ ደሞ የማንም አልነበረም።

ወረዳ ተመልሼ ወፍጮውን ጻፍኩት። ግን የምንሞላው ፎርም ትምህርት፣ ጤና፣ ውሃ፣ መንገድ፣ ግብርና እያለ ይሄድና መጨረሻው "ሌሎች" የሚል ነው። ወፍጮው "ሌሎች" ውስጥ ገባ። የሁሉም ቀበሌ አንድ ላይ ተጠቃሎ ኤክሴል ሲሆን "ሌሎች" የሚለው ኮለም ለመጠቅለል አስቸግሮ ወጣ፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፣ አውጣው ስባል። እዛ ኮለም ውስጥ ከሌሎቹ ቀበሌዎች ምን ምን እንደነበረ አሁን ላስታውስ ብል አልችልም፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

በ2009 ለሌላ ሥራ እዛው ቀበሌ ሄድኩ። ያቺ እናት ገና ከሩቅ ለየችኝ። ሰላምታ ሰጠችኝ፣ እናትህ እንዴት ናት አለችኝ፣ ከዛ "ያ ባቄላ ምን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወፍጮ እንደማይመጣ እኮ አውቃለሁ፣ ግን በጀት የለም ተብሏል ወይም ሌላ ነገር ይቅደም ተብሏል ለማለት እንኳን አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የሷን ጥያቄ አይቶ እምቢ ያለ ሰው የለም። ማንም አላየውም። እምቢ ቢባሉ ቢያንስ ተሰምተናል ይሉ ነበር፣ በሌላ በኩል ይሞክሩ ነበር፣ ተዋጥተው ይገዙም ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቁት እኛ ስለጠየቅናቸው ነው።

ስለዚህ ሕዝብ ማማከር ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰው ተሳተፈ የሚለውን አይደለም፣ መልሱን ማን ይዞ ተመለሰ የሚለውን ነው።

ሕጉ እኮ አለ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይ ደሞ አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሀሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 89 ደሞ የልማት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲዘጋጅ ሕዝቡን በየደረጃው ማሳተፍ የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። እየተጠየቅን ያለነው በበጎ ፈቃድ አይደለም፣ መብት ነው። ግን መጠየቅ ማለት ያለቀ ሰነድ አንብቦ እጅ ማስወጣት ከሆነ፣ ያ እናቶቹ ባቄላ ይዘው ዝም ያሉት ዝምታ ነው በየአዳራሹ የሚደገመው፣ እና ያ ዝምታ "በሙሉ ድምፅ" ተብሎ ይጻፋል።

አራቱን ክቦች ያሰመርነው እኛ መሆናችንም ቀላል ነገር አይደለም። በዛው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታት ከ2015 እ.ኤ.አ. በኋላ ዓለም ምን ይቅደም ብሎ ሰርቬይ አድርጎ ነበር፣ 16 አማራጭ ሰጥቶ ስድስቱን ምረጡ የሚል፣ ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ ሰው መልሶ ትምህርት አንደኛ ወጣ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ያቺ እናት ያ ወረቀት ደርሷት ቢሆን ትምህርት የሚለውን ትመርጥ ነበር፣ እኛም ትምህርት አለች ብለን ክፍል እንሰራላት ነበር፣ ልጅቷ ግን በወፍጮ ቀን ቤት ትቀር ነበር።

አሁን ለምን ይሄን አነሳሁ፣ ያለንበት የአስር ዓመቱ የልማት ዕቅድ ከ2013 እስከ 2022 ነው፣ ማለቂያው ሩቅ አይደለም፣ ቀጣዩን የሚያዘጋጁ ሰዎች በቅርብ ሥራ ይጀምራሉ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፣ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን፣ ከዛ ወዲህ ሊደረግ ታስቦ ተራዘመ። እንግዲህ ስንት እንደሆንን እንኳን በግምት በምንሄድበት አገር ሰውን ምን ቸገረህ ብሎ መጠየቅ የበለጠ ነው የሚያስፈልገው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ የማይነግረንን ሰው ነው የሚነግረን። ጦርነት ያለፈባቸው ቦታዎች ላይ ደሞ የዛሬ አምስት ዓመት ይቅደም የተባለው ዛሬ ላይቀድም ይችላል፣ ጤና ኬላው የተቃጠለበት ሰው ስለ አዲስ መንገድ ከመጠየቁ በፊት ሌላ የሚለው አለው።

ደሞ መንገዱ ጠፍቶ አይደለም። እኛው አገር የወረዳ በጀት ለምን ለምን እንደተመደበ ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ ቦርድ ላይ እንዲለጠፍ ሲደረግ ነበር፣ ነዋሪዎች ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱ ውጤት የሚሰጡበት የማኅበራዊ ተጠያቂነት ሥራም ነበረ፣ በደንብ በተሰራባቸው ቦታዎች ሰው ከኃላፊው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ "ይሄን ያህል ሰጥተናችኋል፣ ምክንያቱ ይሄ ነው" ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎቿ በከተማው በጀት ላይ እንዲወስኑ ስታደርግ፣ በየዓመቱ የመጀመሪያው ስብሰባ የሚጀምረው አምና የተወሰነው ምን ላይ ደረሰ በሚል ሪፖርት ነበር። እኔ የማደንቀው ይቺን ነው። አዲስ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት ለድሮው መልስ ይሰጣል፣ ሰውም በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው።

እና የሰፈራችን ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። አጀንዳው ከመጀመሩ በፊት አምና ነዋሪው ምን ጠይቆ እንደነበር ቃለ ጉባኤው ይነበብልን አልኩ። ትንሽ ዝምታ ሆነ፣ ሰብሳቢው ጊዜ የለንም ሊል ነበር መሰለኝ፣ ግን ከኋላ "ይነበብ! ይነበብ!" የሚል ድምፅ መጣ። ጸሐፊዋ ተነስታ ወጣች፣ አስር ደቂቃ ያህል ቆይታ አንድ ሰማያዊ ፋይል ይዛ መጣች፣ አንዷን ገጽ ፈልጋ ማንበብ ጀመረች። የመንገድ መብራት፣ ተሰርቷል። የጎርፍ መውረጃው ቦይ፣ አልተሰራም። የጋራ መጸዳጃው፣ ተጀምሮ ቆሟል። የወጣቶች መዋያ፣ አልተሰራም። የመጠጥ ውሃው ፈረቃ በጊዜ ይነገረን፣ እሱ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ሰብሳቢውን አየችው፣ ሰብሳቢው "አልተሰራም በይ" አላት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰው ስልኩን ትቶ ነው የሚያዳምጠው። በሩ ጋ ነጠላቸውን ያጣፉ እማማ ተቀምጠው ነበር፣ የቦዩን ነገር አምና ያነሱት እሳቸው ናቸው፣ ክረምት ክረምት ጎርፉ የሚገባው እሳቸው ቤት ነው። እጃቸውን አላወጡም፣ እዛው እንደተቀመጡ "የኔ ልጅ፣ ያልተሰራውን ብቻ እስቲ ድገሚልን፣ ቀስ ብለሽ፣ ለምን እንደቀረም እሱ ይንገረን" አሏት፣ ወደ ሰብሳቢው እያዩ።

ጸሐፊዋ ፋይሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አደረገችና ከቦዩ ጀመረች።