የአማኑኤል ለት፣ እሑድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የከተማዋን ታሪክ የሚያሳይ የፎቶ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀን ነበር። ጽሑፉ የእኔ ድርሻ ነው። በጣም የደከምኩበት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ የገቡበትን ቀን የሚያወሳው ሰሌዳ ነው።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ በሚባለው ድረ ገጹ የድሮ ጋዜጦችን ስካን አድርጎ በነፃ አስቀምጧል። የጦርነቱ ወሬ በቴሌግራም ዓለምን ይዞር ስለነበር የጎጃም ዘመቻ እዚያም አለ። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ እፈልግ ነበር። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ማርቆስን አንዱ በኬ፣ ሌላው በሲ ይጽፈዋል። ስካኑን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም የደበዘዘ ፊደል ያሳስታል። በዓምዱ ጠርዝ ስሙ ለሁለት ከተከፈለማ ጭራሽ አይገኝም። ካርታም እንዲሁ ነው። ቆየት ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው መንቆረር የሚለውን የከተማዋን የቀድሞ ስምም መሞከር አለበት።

በመጨረሻ ቀኑን አገኘሁ፤ ኤፕሪል 6 ቀን 1941። ኤፕሪል ሚያዝያ ነው አልኩ። ከዓመቱ ላይ 8 ቀነስኩ። "ሚያዝያ 6 ቀን 1933" ብዬ ጽፌ ባነሩን አሳተምኩ።

ነገ ሊከፈት ዛሬ ማታ አንድ አዛውንት አዳራሹን ሊያዩ ገቡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሌዳውን ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይች ቀን ልክ አይደለችም።"

"እንዴት አባባ? ከጋዜጣ ነው ያገኘሁት።"

"ጋዜጣውን አላውቅም። እኔም ገና አልተወለድኩም። እናቴ ግን የአማኑኤል ለት ነው ትለን ነበር። እሑድ ነው። ኒቆዲሞስ ነው።"

አማኑኤል ወር በገባ በ28 ነው። በ6 ሊሆን አይችልም። እዚያው ላብ አጠመቀኝ። አብሮኝ የሚሠራ ዲያቆን አለ። ወረቀት ስቦ የ1933ን ባሕረ ሐሳብ አወጣ። ነነዌ የካቲት 3፣ ሆሳዕና ሚያዝያ 5፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12። እኔ የጻፍኩት ቀን የሕማማት ሰኞ ሆኖ አረፈ። ሕዝቡ ስግደት ላይ ነው። ከሆሳዕና በፊት ያለው እሑድ፣ ማለትም ኒቆዲሞስ፣ መጋቢት 28 ዋለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ስንመልሰው ኤፕሪል 6። የእናትየው ቃል ከጋዜጣው ጋር ቁልጭ ብሎ ገጠመ። 8 ቀን የሳትኩት እኔ ነኝ።

ስሕተቱ ምን ላይ እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። ኤፕሪል የሚጀምረው መጋቢት 23 ላይ ነው። የወሩን ስም ተርጉሞ የቀኑን ቁጥር እንዳለ መተው አይቻልም። ይህን ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሜይ 5 ነው፤ እኛ ግን የአርበኞችን ቀን የምናከብረው ሚያዝያ 27 እንጂ ግንቦት 5 አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማከብረው በዓል ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከእሱ ጋር አላስተያየሁትም።

ሌሎቹን ሰሌዳዎች ለማየት ሮጥኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው ድንበር ላይ ያለችው ኦሜድላ የገቡበትን ቀን ከጃንዋሪ 20 ወስጄ "ጥር 20" ብያለሁ። ትክክሉ ጥር 12 ነው። ለኃላፊዬ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተቆጡ፣ ግን "ይታረም" አሉ። ማተሚያ ቤቱ ሌሊቱን ሠራልን።

ከዚያ ወዲህ የምይዘው ሠንጠረዥ ተቀይሯል። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የሳምንቱን ዕለትና የወሩን በዓል እጽፋለሁ። ጋዜጣው የታተመበትን ቀንና ነገሩ የተፈጸመበትን ቀን ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ ቴሌግራሙ ደርሶ እስኪታተም ቀን ያልፋልና። የሰው ቃል ስሰማም "ስንት ቀን ነበር?" ብዬ አልጀምርም። ምን በዓል እንደነበር፣ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ገበያ ይሁን ሰንበት እጠይቃለሁ። እናቶቻችን ቀን የሚይዙት በዚህ ነው።

ጠዋት ሲከፈት አዛውንቱ ተመልሰው መጡ። አዲሱን ባነር እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። "እሑድ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933፣ የአማኑኤል ለት" ብዬ አነበብኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና "ኒቆዲሞስስ?" አሉኝ።

ጥቁር ማርከር አምጥቼ ከሥሩ ጻፍኩላቸው።