ከጓሮ ቡና እስከ ኮንቴነር

ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎችን ይጭናል፤ 19.2 ቶን መሆኑ ነው። ለአንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ወደ 6 ኪሎ እሸት (ገና ያልደረቀ የቡና ፍሬ) ስለሚፈጅ፣ ኮንቴነሩን ለመሙላት 115 ቶን ገደማ እሸት ያስፈልጋል። በግማሽ ሄክታር ቡና የሚተዳደር ገበሬ ብቻውን ወደ ውጭ መላክ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ገበሬዎች ቡናቸውን በማኅበር አሰባስበው ይልካሉ፤ ማኅበር መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። የአንዱ ያልበሰለ ለቀማ የሁሉንም ዋጋ ያወርዳል። እሸቱ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ይለይ፤ ውሃ ውስጥ ሲከቱት የሚንሳፈፈው ለብቻው ይቀመጥ። ጀንፈል (ሳይፈለፈል ከነገለባው የሚደርቅ ቡና) ከሆነ ማድረቂያ አልጋው ላይ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ አይከመር። በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ መሸፈን ነው። ከወፈረ መሃሉ ይታፈንና ይሻግታል፤ ጣዕሙ በቅምሻ ይጋለጣል፣ በኋላም የሚያስተካክለው ነገር የለም። እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ይነሣ። በጥርስ ነክሶ መገመት አያዋጣም፤ የእርጥበት መለኪያ ማኅበሩ ከምንም በፊት ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ነው ባይ ነኝ።

ሌላው የማሳ መረጃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ፣ ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት እንዳልመጣ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩ ግን ከአስርዮሽ ነጥብ በኋላ 6 አኃዝ ይኑረው። ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ መዝጋቢው ማሳው ድረስ ሳይሄድ ከገበሬው ደጃፍ ቆሞ ነጥቡን ይወስዳል። ምዝገባው ከለቀማው በፊት፣ ማሳው መሃል ተቁሞ ይሠራ፤ ከርክክብ ደረሰኙም ጋር ይያያዝ።