የመስመር ጤና በአራት ፒንግ አይታወቅም

ተጠቃሚ ስለ ኔትወርክ ሲያማርር ባለሙያው በቅድሚያ የሚያደርገው ፒንግ መላክ ነው፤ ፒንግ ወደ ሌላ መሣሪያ ትንንሽ የመረጃ እሽጎች (ፓኬቶች) ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚለካ ፕሮግራም ነው። አራት ፓኬት ይላካል፣ አራቱም ይመለሳሉ፣ «መስመሩ ይሠራል» ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። ይህ መልስ ለዚያች ቅጽበት እውነት ነው፤ መስመሩ ትናንት በዚህ ሰዓት እንዴት እንደነበር፣ ከወር በፊትም ምን ይመስል እንደነበር ግን አይነግረንም።

ይህን አጥብቄ እንድይዝ ያደረገኝ የምሠራበት ድርጅት የአዳማ ቅርንጫፍ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር የቅርንጫፉ ገንዘብ ተቀባይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ትደውልልኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ዛሬም ሲስተም የለም፤ ሰው ተሰልፎ ቆሟል» ትለኛለች። አዲስ አበባ ተቀምጬ ፒንግ ስልክ በአራት ሚሊ ሰከንድ ይመለሳል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኝ ከተማ ደርሶ መልሱ ብቻውን አንድ ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በመካከል ያሉት መሣሪያዎች ሲጨመሩ አራት ሚሊ ሰከንድ ጤናማ ቁጥር ነው። እርሷ የምትነግረኝም እኔ የማየውም እውነት ነበር። የጎደለው የጊዜ መዝገብ ነው።

ፒንግን በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው አሜሪካዊው ማይክ ሙስ ሲሆን፣ የጻፈውም በወቅቱ የገጠመውን የኔትወርክ ብልሽት ለመፈለግ ነበር። ያው መሣሪያ በየጊዜው ሳያሰልስ እንዲጠይቅና መልሱን እንዲመዘግብ ሲደረግ ሌላ ዓይነት ጥቅም ይሰጣል። እኔ የተጠቀምሁት የስዊዘርላንዱ ቶቢ ኦቲከር የሠራውን ስሞክፒንግን ነው። በየአምስት ደቂቃው 20 ፓኬት ይልካል፤ ይህም በቀን 288 ዙር፣ በድምሩ 5,760 ፓኬት ማለት ነው። ከየዙሩ የመካከለኛውን መልስ በደማቅ መስመር ያሰምራል፤ የቀሩትን መልሶች መበታተን ደግሞ በመስመሩ ዙሪያ እንደ ጭስ በሚታይ ግራጫ ጥላ ያሳያል። ጥላው ሲሰፋ የመልሱ ጊዜ እየተዋዠቀ ነው ማለት ነው፤ መስመር ከመቋረጡ በፊት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየውም ይኸው ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥዕሉ ግልጽ ሆነ። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ20 ፓኬት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ይጠፋሉ፤ ከዚያ ውጭ መስመሩ ንጹሕ ነው። እዚህ ላይ ስለ አማካይ ቁጥር አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ለሁለት ሰዓት የዘለቀ የ12 በመቶ ብክነት በ24 ሰዓት ሲካፈል አንድ በመቶ ብቻ ይሆናል፤ የወሩን ሪፖርት የሚያነብ ኃላፊም «አንድ በመቶ ምን አላት» ብሎ ያልፈዋል፤ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ግን ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ስለዚህ የቆየ መረጃ ቦታ እንዳይፈጅ ተጨምቆ በሚቀመጥበት ጊዜ ከአማካዩ ጎን ከፍተኛው ዋጋ እንዲያዝ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሌላው ጥንቃቄ የሰዓት ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ «8 ሰዓት» ስትል የእኛን አቆጣጠር ይዛ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ይህንኑ 14:00 ብሎ ይመዘግባል፤ የግሪንዊች ሰዓት የተሞላበት ራውተር (ቅርንጫፉን ከውጭው መስመር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ደግሞ 11:00 ይለዋል። ሦስቱ በአንድ ካልተቀናጁ የተጠቃሚው አቤቱታ ከመዝገቡ ጋር ሊገጥም አይችልም፤ ተበዳዩም ሐሰተኛ መስሎ ይቀራል። መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር ካስተሳሰርሁ በኋላ ነው የእርሷ ጥሪዎችና የእኔ ግራፍ ደቂቃ በደቂቃ የተገጣጠሙት።

ችግሩ መቼ እንደሚከሰት ከታወቀ በኋላ የት እንደሆነ መፈለግ ቀጠለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት ብቻውን ስለማይበቃ መንገዱን ከፋፍዬ በየሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ለካሁ። ከቅርንጫፉ ራውተር እስከ ስዊቹ፣ ማለትም የቅርንጫፉን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እስከሚያገናኘው መሣሪያ፣ ያለው ጤናማ ነበር። ራውተሩ ከውጭ በሚቀበልበት ፖርት ላይ ግን ተበላሽተው የሚደርሱ ፍሬሞች (ፓኬቶች በኬብሉ ላይ ተጠቅልለው የሚጓዙባቸው እሽጎች) ቆጣሪ በዚያው ሰዓት ይጨምራል። ከቆጣሪ ላይ የሚጠቅመው በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት እንጂ ጠቅላላ ድምሩ አይደለም፤ ድምሩ ከሁለት ዓመት በፊት የተፈጠረ ስሕተትንም ይዞ ሊቆይ ይችላልና።

በመጀመሪያ ኬብሉን ቀየርን፤ ለውጥ አልመጣም። ከዚያም አዳማ ሄጄ በ9 ሰዓት ላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ካቢኔት ከፈትሁት። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር በቀጥታ የተሰቀለ ነው። ፋይበሩን ወደ መዳብ ኬብል የሚቀይረው ሚዲያ ኮንቨርተር በዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጠው ባትሪ) ጀርባ ላይ ተቀምጦ ከታችም ከላይም ይግላል። የካቢኔቱ ማራገቢያ አቧራ ጠምጥሞት ቆሟል። ኮንቨርተሩን በእጄ ልይዘው አልቻልሁም። መብራቶቹ ግን ሁሉም አረንጓዴ ነበሩ። የግራፉን ያለፉ ቀናት መለስ ብዬ ሳይ፣ ብክነቱ የቀነሰባቸው ሁለት ቀናት ሰማዩ ደመና የነበረባቸው መሆናቸውን የቅርንጫፉ ጥበቃ አረጋገጡልኝ። ካቢኔቱን ወደ ምድር ቤት አወረድነው፤ ኮንቨርተሩንም ቀየርነው፤ ከማግስቱ ጀምሮ ጥላው ጠበበ።

ከዚያ ወዲህ የቅርንጫፎቹን ሁሉ መስመር በዚሁ መንገድ እከታተላለሁ። ማስጠንቀቂያውንም ለሁሉም አንድ ወሰን በመስጠት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ መስመር ባለፉት አራት ሳምንታት በዚያው ሰዓት ከነበረበት ጋር እንዲነጻጸር አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ ለአንዱ መስመር 30 ሚሊ ሰከንድ የዘወትር ሁኔታው ሲሆን ለሌላው የሕመም ምልክት ነውና። ባለፈው ወር የአዳማው መልስ ከአራት ወደ ሰባት ሚሊ ሰከንድ ከፍ ብሎ እዚያው ረጋ። አንድም ፓኬት አልጠፋም፤ የደወለም የለም። መስመሩን ለሚያቀርበው ድርጅት ደውዬ ስጠይቅ ትራፊኩ በሌላ መንገድ እንዲዞር መደረጉን ነገሩኝ። ቀኑንና ምክንያቱን ከግራፉ ሥር ጽፌ አኖርሁት።