የዋሻ ሚካኤል ፍርስራሽና የሸዋ ነገሥታት

የአዲስ አበባ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩበት ከ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ እንጦጦ ይነሣል፤ ከእንጦጦ በፊት ስላለው ግን ብዙዎቻችን የምንለው ያጥረናል። እኔ የምኖረው ከየካ ተራራ ግርጌ ነው። ከሰፈራችን በላይ፣ በባሕር ዛፉ ደን ውስጥ፣ ከከተማዋ ዕድሜ በብዙ መቶ ዓመታት የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ይገኛል፤ ዋሻ ሚካኤል ይባላል። ስለ ሸዋ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት የማነበው ሁሉ ወደዚህ ፍርስራሽ እየመለሰኝ ስለ ተቸገርሁ፣ የተረዳሁትን በጽሑፍ ላሰፍረው ወደድሁ።

ሕንጻው የተሠራው እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ተፈልፍሎ ነው። ሠራተኞቹ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረደሩም፤ የተራራውን ዐለት በጎኖቹ እየቆፈሩ ለይተው፣ በርና መስኮት አውጥተው፣ ከዚያ ውስጡን እየፈለፈሉ ዓምዶቹንና ግድግዳዎቹን አስቀሩ። ግንበኛ የተሳሳተውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ሊተካ ይችላል፤ ፈልፋይ ግን አንዴ የቆረጠውን አይመልሰውም። ስለዚህ የመጀመሪያው መሮ ከማረፉ በፊት የሕንጻው መልክ፣ ዓምዱ የሚቆምበትም ቦታ ሆነ መቅደሱ የሚያርፍበት ሁሉ፣ በሊቀ ጠቢባኑ አእምሮ ተስሎ ማለቅ ነበረበት። እንዲህ ያለውን ሥራ የደኸየ ገጠር በራሱ ዐቅም ይጨርሰዋል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ለብዙ ጊዜ የሠራተኛ ቀለብ የሚችል፣ ሙያተኛ ከሩቅ የሚያስመጣ ባለጸጋ ከበስተጀርባው ሊኖር ይገባል። ዛሬ ጣሪያው ስለሌለ ውስጡ ለሰማይ የተከፈተ ነው፤ ግድግዳውን የድንጋይ ሽበትና ሣር ወርሶታል። የተረፈው ግን የመጀመሪያውን ዕቅድ ለማንበብ ይበቃል።

ባለጸጋው ማን ነበር? የአካባቢው ትውፊት የሚሰጠው መልስ አብርሃና አጽብሐ የሚል ነው። እነዚህ ወንድማማች ነገሥታት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ነግሠው ክርስትናን የተቀበሉ ናቸው፤ በትግራይም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል ብዙ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በስማቸው ይጠራሉ። ትውፊቱን አላቃልልም፤ አንድ ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያኑን ከክርስትና መባቻ ጋር ማገናኘት መሻቱ የሚያስከብረው ነው። ሆኖም የሕንጻ ታሪክ አጥኚዎች ሥራውን የሚሰጡት ለመካከለኛው ዘመን ነው፤ ይህም ለእኔ የበለጠ ያሳምነኛል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዙ በኋላ የመንግሥቱ እምብርት ወደ ደቡብ፣ ወደ አማራና ወደ ሸዋ ወረደ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ዘመን በሸዋ አስተማሩ፤ የመሠረቱት ገዳም፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር እጅግ የተቆራኘ ሆነ። ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን አንሥቶ የሸዋ አምባዎች የነገሥታቱ መመላለሻ ነበሩ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት፣ ደብረ ብርሃንን መቀመጫቸው አደረጉ፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውን የመናገሻን የጥድ ደን ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር ያስተከሉት እርሳቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። ዋሻ ሚካኤልን በዚህ ሁሉ መካከል ስናስቀምጠው ብቻውን የቆመ እንግዳ ነገር መሆኑ ይቀራል። በደቡብ በኩል፣ ከመልካ ቁንጡሬ ብዙም ሳይርቅ፣ ሌላ የዐለት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አዳዲ ማርያም። እርሷ ጣሪያዋ ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ይቀደስባታል፤ ትውፊቷም ከአክሱም ይልቅ ወደ ቅዱስ ላሊበላ ይወስዳታል።

የነገሥታቱ ከተማ ራሱ የት እንደ ነበረ ማግኘት አስቸጋሪ የሆነበት ምክንያት አለው። ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው ድንኳን ነበር፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማው አብሮ ይነሣል። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው ይህንኑ ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግልን ያገኛቸው በተጓዥ ሰፈር ውስጥ ነበር። ያም ሆኖ ስሟ በውጭ የተመዘገበ አንዲት ከተማ አለች። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል ቦታ ትታያለች፤ መነኩሴው ስለ ሀገራችን የጻፈውን የሰማው ወደ ጣልያን ከሄዱ ኢትዮጵያውያን ነበር። ባራራን የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት በእንጦጦ፣ በየረርና በወጨጫ ተራሮች አካባቢ፣ ማለትም በዛሬይቱ አዲስ አበባ ዙሪያ ነው። እንጦጦ ላይ ያለው ባለ አምስት ማዕዘን የድንጋይ ቅጥር ፍርስራሽም ለዚሁ ክርክር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ወዴት ሄደ? በ1529 እ.ኤ.አ. ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ እኛ ግራኝ የምንለው፣ ሽንብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል አደረገ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሸዋን ወረረ፤ ደብረ ሊባኖስ በ1531 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። በዚያው ዓመት መካነ ሥላሴም ነደደች። ይህች ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት ልጃቸው ልብነ ድንግል የፈጸሟት፣ በወርቅ ያጌጠች ነበረች፤ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ራሱ የወራሪዎቹን መደነቅ መዝግቦታል። ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደዱ ኖረው በ1540 እ.ኤ.አ. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ከእንጨትና ከሣር የተሠራው እንዲህ እየሆነ ዐመድ ሲሆን ዐለት ግን አይነድም። ከዚያ ሁሉ የነገሥታት ግርማ በየካ ላይ ዐይናችን የሚያየው የዐለት ሥራ ብቻ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

የዋሻ ሚካኤልን ጣሪያም ያፈረሰው ግራኝ ነው ሲባል እሰማለሁ። በሸዋ የፈረሰ ነገር ሁሉ ለእርሱ ስለሚሰጥ ይህን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። ከጦር ይልቅ እኔ የምጠረጥረው ዝናቡን ነው። የየካ ዐለት እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት ተከማችቶ ነው። ለዘመናት ካህንና ጠባቂ ሳይኖረው በቆየ ጣሪያ ላይ ውኃ በስንጥቁ እየገባ፣ የዛፍ ሥር እየተከተለ፣ ያለ አንድ ወታደር እርዳታ ሊጥለው ይችላል።

ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ይህ የፍርስራሽ ምድር ይጠብቃቸው ነበር። ቀደምት ነገሥታት በዚያ ተቀምጠው ነበር የሚለው ትውፊት፣ በተለይም የዐፄ ዳዊት ስም፣ ቦታውን ለመምረጣቸው አንዱ ምክንያት ሆኖ ይተረካል። (ዳዊት የሚባሉት የትኛው ናቸው የሚለው ራሱ ያከራክራል፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የነገሡት ቀዳማዊ ዳዊት አሉ፣ ልብነ ድንግልም በንግሥ ስማቸው ዳዊት ይባላሉ።) የምኒልክ የዘውድ በዓልም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ተፈጸመ። በፖለቲካ ዓይን ካየነው ሸዋዊው ንጉሥ ራሳቸውን የጥንቱ መንግሥት ወራሽ አድርገው ለማቅረብ ከፍርስራሹ የተሻለ ምስክር አያገኙም ነበር። የሚደንቀኝ ዘመናዊት ከተማ ወደ ሜዳው ከወረደች በኋላ ይህ ትዝታ ፈጥኖ መጥፋቱ ነው።

ዛሬ ሰው ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣው ለጸሎት ወይም ለእግር ጉዞ ነው። ለታሪኩ የሚወጣ ከሆነ ከመስከረም በኋላ ቢሄድ ይመረጣል፤ በክረምት መንገዱ ያዳልጣል፣ ውስጡም ውኃ ይቋጥራል። ስለ ጥገናው ብዙ ጊዜ ሲነሣ የምሰማው ከላይ ክዳን ይደረግለት የሚል ሐሳብ ነው። በላሊበላ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ የተተከሉት ትላልቅ ክዳኖች ክብደታቸውና መልካቸው ያስነሣውን ቅሬታ ለሚያስታውስ ሰው ግን ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከክዳኑ በፊት ሁለት ሥራዎች ይቀድማሉ፤ ከዳገቱ የሚወርደውን ጎርፍ ከሕንጻው የሚያርቅ ቦይ መቆፈር፣ እንዲሁም ከግድግዳው ዳር የበቀሉትን ዛፎች ሥራቸው ዐለቱን ሳይሰነጥቀው በባለሙያ ማስወገድ። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ከክረምት በፊት ግን መደረግ አለባቸው።