የቋጠሮው ካፕሱል

ትናንት ማታ መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ነበር። ልቤ ባክቴሪያ የምናሳድግበት ሙቅ ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ ጋ አደረ። ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ አርፍጄ ላብራቶሪ ስገባ ጋውኔን እንኳ ሳልቆልፍ ቴርሞሜትሩን አየሁ፦ 35 ዲግሪ። ጄኔሬተሩ ይባረክ!

ባክቴሪያው የሚበቅልባትን ሳህን፣ ፕሌቷን አውጥቼ ብርሃን ላይ ያዝኳት። የአንዲት እናት የሽንት ካልቸር ነው፤ የበቀለው ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ። አምፒሲሊን የተባለው መድኃኒት ባለባት ክብ ወረቀት፣ በዲስኳ ዙሪያ ምንም የጠራ ቦታ የለም፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። ባክቴሪያው ወረቀቷ ጥግ ድረስ መጥቶ ተኝቷል። ስለካው 6 ሚሊ ሜትር፤ ያ የዲስኳ የራሷ ስፋት ነው። ሲፕሮ የሚባለው መድኃኒትም ያው። ናይትሮፉራንቶይን ግን 21! እሱ ይሠራል። ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

እማማ ውጤት ሊወስዱ መጡ። "ልጄ፣ ለሽንት ሦስት ቀን?" እውነታቸውን ነው። ግን ባክቴሪያው እስኪያድግ አንድ ሌሊት፣ መድኃኒቱ እስኪፈተንበት ሌላ ሌሊት ይፈልጋል። ይህን ማሳጠር የምንችልበት ማሽን እኛ ጋ የለም።

"እስካሁን ምን ሲወስዱ ነበር?" አልኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። አራት አሞክሳሲሊን ካፕሱል። የአምፒሲሊን የቅርብ ዘመድ።

"ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ። ሲሻለኝ አቆምኩት፣ ሲያመኝ ደግሞ ጀመርኩት።"

ውጤቱን ዎኔት ላይ መዘገብኩ፤ ባክቴሪያዎች መድኃኒት መላመዳቸውን የምንከታተልበት ሶፍትዌር ነው። እዚያ ላይ እማማ አንድ መስመር ናቸው። ስለ ቋጠሮው የሚሞላ ሳጥን የለውም።

ወደ ሐኪሙ ክፍል ሲሄዱ "ካፕሱሎቹን እኔ ልያዛቸው?" አልኳቸው።

"ኧረ ተው ልጄ፣ ለጎረቤቴ እመልስላታለሁ" ብለው መልሰው ቋጠሯቸው።