ጥምቀት ላይ መብራት ጠፋ፣ የሰበሰብኩት ደም ቀለጠ

ይህን የምጽፈው ደም ሰብስቦ የማስተርስ ጥናቱን ሊሠራ ላሰበ ሰው ነው። እኔ ስጀምር ፕሮፖዛል እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳየኝ ሰው ሞልቶ ነበር። የጀነሬተሩ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ጠይቂ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። አዘዞ ነበር የሚኖረው። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ሰውነቱ አለቀ። ጎረቤቱ ሁሉ "የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ እንዳታስነኩት" እያለ መከረ። ጠበል ተወሰደ፣ ቅጠል ተቀጠቀጠለት። ሐኪም ቤት ሲደርስ ጉበቱ አልቆ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት መኪና ተገልብጦበት ደም ተሰጥቶት እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ነገሩ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሃርቪ ኦልተር ሳነብ ነው። ኦልተር በ2020 እ.ኤ.አ. ከማይክል ሃውተን እና ከቻርልስ ራይስ ጋር የሕክምና ኖቤልን የተካፈለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ሥራው ደም ባንክ ነበር። የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ደም የወሰዱ ሰዎችን እየተከታተለ ያጠና ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእነዚህ ሰዎች ከሦስት አንዱ ገደማ በሄፓታይተስ፣ ማለትም በጉበት ብግነት፣ ይያዝ ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መጣ። በሽታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሄፓታይተስ ኤ ይሆን ተብሎ ታየ፣ እሱም አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. ኦልተርና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር መኖሩን አሳዩ። ስም እንኳ አልነበረውም። "ኤ ያልሆነ፣ ቢ ያልሆነ" ነበር የሚባለው።

ልቤን የነካው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኦልተር ምን እንዳለበት ያላወቀውን ደም አልደፋውም። እየመዘገበ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠው። ቫይረሱን አገኘሁ የሚል ላቦራቶሪ በመጣ ቁጥር የታመሙና የጤነኛ ሰዎችን የደም ቱቦዎች አሰባጥሮ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ደብቆ ይሰጠዋል። እስቲ ለይ ይላል። ስንቱ ሞክሮ ወደቀ። ሃውተን ከኩዊ ሊም ቹ እና ከጆርጅ ኩዎ ጋር ለዓመታት ደክሞ ቫይረሱን ሲያገኘው የእነሱ ምርመራ እነዚያን ቱቦዎች በትክክል ለየ። ውጤቱ የታተመው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ራይስ ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ይህ፣ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው ቫይረስ ብቻውን በሽታውን እንደሚያመጣ በቺምፓንዚ አረጋገጠ። ዛሬ ሄፓታይተስ ሲ ክትባት ባይኖረውም በ8 ወይም በ12 ሳምንት ክኒን ይድናል። አጎቴ ያኔ አልደረሰበትም።

(ሃውተን በ2013 እ.ኤ.አ. ጌርድነር የሚባለውን የካናዳ የሕክምና ምርምር ሽልማት አልቀበልም ብሏል። ቹ እና ኩዎ አብረው ስላልተሸለሙ። ይህን ሰው የወደድኩት ከኖቤሉ ይልቅ በዚህ ነው።)

እኔም ደም ወስደው የሚያውቁ የጎንደርና የአካባቢዋ ሰዎች ላይ ሄፓታይተስ ሲን ላጠና ወሰንኩ። ኤላይዛ በሚባለው ምርመራ፣ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል አያለሁ። ከዚያ ፖዘቲቭ የሆኑትን ቫይረሱ ራሱ መኖሩን በሚያሳየው ምርመራ፣ በፒሲአር፣ እመረምራለሁ። ፕሮፖዛሉ በሁለተኛው ዙር አለፈ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ አራት ወር ፈጀ። የምርመራ ኪቱ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጣ። በስድስት ወር 186 ሰው ደም ሰጠኝ። ሴረሙን፣ ማለትም ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ለይቼ፣ ቱቦው ላይ በማርከር ቁጥር ጽፌ፣ ማይነስ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ደረደርኩ።

አማካሪዬ "ሁሉንም ሰብስበሽ ስትጨርሺ በአንድ ጊዜ መርምሪ" አሉኝ። መመሪያውም እንደዚያ ነው የሚለው። ኪት አይባክንም፣ ውጤቱም ወጥ ይሆናል። ሰማኋቸው።

የከተራ ዕለት ጠዋት ፍሪዘሩን አየሁት። የሙቀት ማሳያው ማይነስ 78 ይላል። ደስ ብሎኝ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወረድኩ። ታቦታቱን አጅበን አደርን።

በማግስቱ ማታ ቤት ስገባ ሰፈራችን ጨለማ ነው። እናቴ "ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም" አለችኝ። እግሬ ከዳኝ። ነጠላዬን ሳላወልቅ ባጃጅ ይዤ ወደ ላቦራቶሪው በረርኩ። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ "የኔ ልጅ፣ መብራት ከጠፋ እኮ ቆየ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ጀነሬተሩስ?"

"ቁልፉ ጀነሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ጋ ነው። ለበዓል ዳባት ሄዷል።"

ደወልኩ። ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው ይላል። ደግሜ ደወልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ደወልኩ። ለኃላፊው ደወልኩ። ቁልፉ ቢገኝም ናፍጣ እንደሌለ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የናፍጣው ጥያቄ ተጽፏል። ፈራሚው ስብሰባ ስለሄዱ አልተፈረመም። ከስንት ጊዜ በፊት? ከሦስት ሳምንት በፊት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ፍሪዘሩን ከፈትኩት። ገና ቀዝቃዛ መሆኑን ላይ ብዬ ከፈትኩት። ከዚያ የጁስ ቤት በረዶ ከፒያሳ ለምኜ አምጥቼ ልጨምር ከፈትኩት። ሊነጋ ሲል ደግሞ ከፈትኩት። ማይነስ 80 ካልከፈቱት፣ በተለይ ከሞላ፣ ቅዝቃዜውን ለረጅም ሰዓት ይዞ ይቆያል። የኔው ደግሞ ግማሹ ባዶ ነበር። ባዶው ቦታ አየር ነው። በከፈትኩት ቁጥር ያ ቀዝቃዛ አየር ወለሉ ላይ ፈሶ ሞቃቱ ይተካል። ይህን አውቀው ነበር። ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ስደነግጥ ጠፋብኝ።

መብራት የመጣው ጥር 13 ከሰዓት ነው። አንዱን ቱቦ አነሳሁ። ውስጡ ፈሳሽ ነው፣ ሳዘነብለው አብሮ ይሄዳል። ውጪው ረጥቧል። አውራ ጣቴ ሰማያዊ ሆነ። ቱቦውን አየሁት። 117 ወይም 111 ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር ታጥቧል። ቀጣዩን አነሳሁ። ከቁጥሩ የቀረው አንድ ጭረት ነው። የማርከሩ ክዳን ላይ "የማይለቅ" ይላል። እርጥበትና አልኮል ሲነካው እንደሚለቅ በእጄ አየሁት። ቁጥራቸው የጠፋው 52 ናቸው። የማን እንደሆኑ የማይታወቅ ደም ምን ያደርጋል? ኦልተር ያን ሁሉ ዓመት ያስቀመጠው ደም ዋጋ ያወጣው የማን እንደሆነ መዝገቡ ስለሚናገር ነው።

ቁጥራቸው የተረፈውን በኤላይዛ ሠራሁ። ፀረ እንግዳ አካል ጠንካራ ነው፣ አንድ ጊዜ መቅለጡን ይችላል። ፒሲአር የሚፈልገው የቫይረሱ አርኤንኤ፣ የዘር ቅንጣቱ፣ ግን ቀልጦ ሲቆይ ሊበጣጠስ ይችላል። ሰውየው ዛሬ ቫይረሱ በደሙ አለ ወይስ ድኗል የሚለውን የሚመልሰው ፒሲአር ነበር። በዚያ ናሙና ሠርቼ ኔጌቲቭ ቢወጣ ማንን አምናለሁ? ያ ክፍል ከጥናቴ ወጣ። የጽሑፌ ርዕስ ሳይቀር ተቀየረ።

ከበዓሉ በኋላ አቤቱታ ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። "ፍሪዘሩ ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ። "አልተበላሸም" አልኩ። "ታዲያ ምን ጎደለ?" አሉ። 186 ሰው ክንዱን ዘርግቶ የሰጠኝ ደም አልኳቸው። መዝገብ አገላበጡ። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት አይደለም አሉኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ።

ስለዚህ እናንተ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ቁልፉን ማን እንደያዘ እወቁ፣ ምትኩን ስልክ ያዙ። ናፍጣው መኖሩን ሰው አትጠይቁ፣ ታንከሩን ራሳችሁ ዕዩት። ቁጥሩን በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቱቦው ጋር በግልጽ ፕላስተር እሰሩት፣ እርሳስ ውኃ አይፈራም። እያንዳንዱን ሴረም ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት የተለያየ ሕንፃ አስቀምጡ። ፍሪዘሩ ባዶ ቦታ ካለው ውኃ ያለበት ፕላስቲክ ጠርሙስ ደርድሩበት። መብራት ሲጠፋ አትክፈቱ። እጃችሁን አስራችሁም ቢሆን አትክፈቱ። መመሪያው "በአንድ ጊዜ መርምሩ" ቢልም አትስሙት። በየወሩ መርምሩ። የሚባክነው ኪት ከሚቀልጠው ደም ይሻላል። አማካሪዬ ዛሬም በዚህ አይስማሙም። እኔ ግን አልለቅም።

ለፒሲአሩ እንደገና ፈቃድ አውጥቼ ኤላይዛቸው ፖዘቲቭ ወደሆነ ሰዎች ተመለስኩ። በጣም የፈራሁት ቆላድባ ያሉትን እናት ነበር። ሁለት ሰዓት መንገድ መጥተው ነው መጀመሪያ የሰጡኝ።

"ያን ጊዜ የወሰድሽውን ምን አደረግሽው?" አሉኝ።

"እማማ፣ ቀለጠብኝ። ጥፋቱ የኔም ነው" አልኩ።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ቡናውን አቅርበው "ጠጪና ቅጂ" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በሽታው እንዳለባቸው የነገርኳቸው በዚያው ወር ነው። ክኒናቸውን ጨርሰዋል። የእሳቸው ሴረም ሁለት ቦታ ተቀምጧል፣ ቁጥሩም በእርሳስ ነው።