ሄደር ስንመርጥ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ የድሮ ላንድክሩዘር ሞተር ላይ አቀርቅሬ ዋልኩ። ሞተሩ 2ኤፍ ነው፣ ስድስቱም ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት። የቆየውን የጭስ ማኒፎልድ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ብረት) አውርደን ሄደር ልንገጥምለት ነው፤ ሄደር ማለት ለየሲሊንደሩ የራሱ ቱቦ ያለው የጭስ መሰብሰቢያ ነው።

እኔን ሁሌም የሚያስደስተኝ የማቀጣጠል ቅደም ተከተሉ ነው፦ 1-5-3-6-2-4። የፊት ሦስቱን ሲሊንደሮች ለብቻ ብታዩዋቸው የሞተሩ ዘንግ በዞረ በየ240 ዲግሪው ተራ ጠብቀው ነው ጭስ የሚተፉት። የኋላ ሦስቱም እንደዛው። ስለዚህ 1፣ 2 እና 3ን በአንድ ቱቦ፣ 4፣ 5 እና 6ን በሌላ መሰብሰብ ነው። አንዱ የሌላውን መንገድ አይዘጋም። ቱቦው በጣም ሰፊ ይሁን የሚሉ አሉ፤ ለመንገድ መኪና በፍጹም አልስማማም። በዝቅተኛ ዙር ጭሱ ፍጥነቱን ያጣል፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን ፍላንጁን፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚታሰረውን ጠፍጣፋ ጠርዝ ነው። በዚህ ሞተር የአየር መግቢያውም የጭስ መውጫውም በአንድ ጎን ናቸው። አንዱ ብሎን በሰፊ ሮንዴላው የሁለቱንም ፍላንጅ ይዞ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ያጣብቃል። ውፍረታቸው እኩል ካልሆነ ቀጭኑ ይላላል፣ ጭስ ማፍሰስ ይጀምራል። ዛሬ ሁለቱንም በካሊፐር ለካኋቸው፣ ገጥመዋል!

የቀረው ሙቀቱ ነው። የድሮው ማኒፎልድ ከካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚያደባልቀው ክፍል) ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ያሞቅ ነበር። አሁን በሞተሩ ሙቅ ውሃ ልናሞቀው አስበናል።